የአንድ ቁጥር ጠባይ፦ 2147483647

(ደሴ ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች ከቀረበ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)

ጤና ይስጥልኝ፤ አሰላሙ ዓለይኩም።

ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ቁጥር ከኋላ ለተቀመጣችሁም ይታያል ብዬ አምናለሁ፦ 2147483647። ሲነበብ ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት ነው። በግእዝ አኃዝ ልጻፈው ያለ ሰው ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አኃዝ ይከፍላል፤ 21፣ 47፣ 48፣ 36፣ 47 ይሆንለታል፤ ከዚያ በመካከላቸው እልፍንና መቶን ያፈራርቃል፦ ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯። ዜሮ ባይኖረውም የግእዝ አኃዝ ይህን ያህል ይሸከማል። የሚደንቀን ከገጽና ከምዕራፍ ቁጥር በላይ አሸክመነው ስለማናውቅ ነው።

ቁጥሩን ለግዙፍነቱ አልመረጥኩትም። የአገራችን የዓመት በጀት በብር ሲቆጠር ከዚህ በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። የመረጥኩት ጠባይ ስላለው ነው፤ ጠባዩን ያወቀበት ሰው ደግሞ ሌላው ዓመት የሚፈጅበትን ድካም በጥቂት መቶ ስሌት ስለተገላገለው ነው። ቁጥር ጠባይ አለው ስል የሚስቅ ይኖራል። ይሳቅ፤ ስንጨርስ እንነጋገራለን።

ከአፈጣጠሩ እንጀምር። አንድ የኮምቦልቻ እህል ነጋዴ አምስት የሚዛን ድንጋዮች ብቻ አሉት እንበል፤ ባለ 1፣ ባለ 2፣ ባለ 4፣ ባለ 8 እና ባለ 16 ኪሎ። በእነዚህ ከ1 እስከ 31 ያለውን ማንኛውንም ሙሉ ኪሎ ይመዝናል። 21 ኪሎ ጤፍ ለጠየቀው 16ን፣ 4ንና 1ን ያስቀምጣል፤ ሌላ መንገድ የለውም፤ ለእያንዳንዱ ክብደት አንድና አንድ ብቻ አቀማመጥ አለ። አምስቱም ሲቀመጡ 31 ኪሎ ይሆናል፤ ይህም ከሚቀጥለው ድንጋይ፣ ከ32፣ በአንድ ያነሰ ነው። ድንጋዮቹን እጥፍ በእጥፍ እየጨመርን 31 ብናደርሳቸውና ሁሉንም ብናስቀምጥ ሚዛኑ የሚያሳየው ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ነው። ሁለትን ሠላሳ አንድ ጊዜ ጽፈን ብናባዛና ከውጤቱ አንድ ብንቀንስም ያው ነው፤ በአጭሩ 2³¹ − 1።

ኮምፒውተር የሚቆጥረው በዚሁ በነጋዴው ዘዴ ነው። ድንጋዩ ተቀምጧል ወይም አልተቀመጠም፤ ኤሌክትሪኩ አለ ወይም የለም። ለረጅም ጊዜ ለአንድ ሙሉ ቁጥር የሚመደበው 32 ቦታ ነበር። አንዱ ቦታ ቁጥሩ ከዜሮ በታች መሆን አለመሆኑን ይናገራል፤ ለመቁጠሪያ 31 ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ልክ ለሚቆጥር ፕሮግራም ከ2147483647 የሚበልጥ ቁጥር የለም። በፈረንጆቹ 2014 መጨረሻ በዩቲዩብ ላይ አንድ የደቡብ ኮሪያ ዘፈን የታየበት ብዛት ወደዚህ ጣሪያ ሲጠጋ ድርጅቱ ቆጣሪውን ማስፋቱን አስታውቆ ነበር።

ከዘፈኑ የሚከብደው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ብዙ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ወርና ቀን አያውቁም። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 በግሪንዊች እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ መቁጠር ጀምረው ከዚያ ወዲህ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ብቻ ይመዘግባሉ። በ31 ድንጋይ ለሚቆጥር ሰዓት መሙያው መቼ ነው? ወረቀት የያዘ አብሮኝ ያስላ። አንድ ቀን 86400 ሰከንድ ነው። ቁጥራችን ለ86400 ሲካፈል 24855 ቀን ይደርሳል፤ 11647 ሰከንድ ይተርፋል። ትርፉ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ተነስተን 24855 ቀን ብንጓዝ የምናርፈው ማክሰኞ፣ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ላይ ነው። ጥር 11 ምን ቀን እንደሆነ ለደሴ ሰው አልነግርም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትርፉን ስንጨምርበት ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል፤ ታቦታቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ዳር አድረው፣ ሕዝቡ ጠበሉ እስኪረጭ በሚጠባበቅበት ማለዳ።

በሚቀጥለው ሰከንድ 31ዱም ድንጋዮች ይነሳሉ፤ የምልክቱ ቦታ ይያዛል፤ ቆጣሪውም ከዜሮ በታች 2147483648 ብሎ ያነባል። ያልታደሰ ማሽን ራሱን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ላይ ያገኘዋል፤ ዐፄ ምኒልክ በዙፋናቸው፣ ራስ ሚካኤልም በወሎ ግዛታቸው በነበሩበት ዘመን። አብሽሩ፤ አዳዲሶቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በ64 ቦታ ስለሚቆጥሩ 292 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይበቃቸዋል። የሚያሳስበው አንድ ጊዜ ተገጥሞ የተረሳ አሮጌ መቆጣጠሪያ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ ወላጆች ካላችሁ ነገ ለጥገና ክፍሉ ይህን አንድ ጥያቄ ብታነሱ ክፋት የለውም።

እስካሁን ያወራነው ቁጥሩ ምን ላይ እንደዋለ ነው። ጠባዩ ሌላ ነው።

ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለውን ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያለ ይሄዳል። የእኛስ ቁጥር? መጨረሻው 7 ስለሆነ ለ2ም ለ5ም አይካፈልም። አኃዞቹ ሲደመሩ 46 ይሆናሉ፤ 46 ለ3 ስለማይካፈል ቁጥሩም አይካፈልም። ጎረቤቶቹን ደግሞ ተመልከቱ። በአንድ የሚበልጠው 2147483648 ከሁለት ብቻ የተሠራ ነው፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሌላ ምንም። በአንድ የሚያንሰው 2147483646 ደግሞ 2 × 3 × 3 × 7 × 11 × 31 × 151 × 331 ነው፤ አካፋዮቹ ቢቆጠሩ 192 ይሆናሉ። በእነዚህ መካከል የቆመው የእኛ ቁጥር አካፋዩ ሁለት ብቻ ነው፤ አንድ እና ራሱ። ብቸኛ ነው።

ይህን ማን አወቀ? እንዴትስ አወቀ? ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የአውሮፓ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በጉልበት የሚሠራው መንገድ ግልጽ ነው። አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ከሁለቱ አነስተኛው ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። 46340 በራሱ ሲባዛ 2147395600 ነው፤ 46341 በራሱ ሲባዛ ቁጥራችንን ያልፋል። ስለዚህ እስከ 46340 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አካፍሎ ማየት ነው። ከ4700 በላይ ናቸው። ጣሊያናዊው ፒዬትሮ ካታልዲ 524287 ብቸኛ መሆኑን ያረጋገጠው በዚህ ዓይነት ልፋት ነበር፤ እሱ ግን እስከ 724 መሄድ ብቻ ነው የነበረበት።

የቁጥራችንን ብቸኝነት ያረጋገጠው ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር ሥራውን በ1772 ለሒሳብ ሊቁ ቤርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ ሲገልጥ በሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ ይኖር ነበር፤ ዓይኑ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ድጓና ቅኔን በቃል ይዘው ጉባኤ የሚያቆሙ ዓይነ ስውራን መምህራንን ለሚያውቅ አገር ይህ ተረት አይመስልም። ዓይኑን ያጣ ሰው ግን 4700 ጊዜ የማካፈል ቅንጦት የለውም፤ ማሰብ አለበት። ያሰበውን ላሳያችሁ፤ ከምሽቱ ንግግር ሁሉ የምሳሳለት ይህ ክፍል ነው።

መነሻው ሙሉውን ጥሎ ቀሪውን መያዝ ነው። ይህን ከባሕረ ሐሳብ ታውቁታላችሁ። የ2030 ዓ.ም. ወንጌላዊ ማን እንደሆነ ለማወቅ 5500 ይጨመራል፣ 7530 ይሆናል፣ ለ4 ይካፈላል፣ 2 ይተርፋል፤ ማርቆስ። ለ19 ሲካፈል 6 ይተርፋል፤ አንድ ቀንሰን ወንበሩ 5፤ በ11 ሲባዛ 55፤ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 25 አበቅቴው ነው። ስንት ጊዜ እንደደረሰ ማንም አይጠይቅም፤ የሚፈለገው ቀሪው ነው።

አሁን 23ን እንውሰድ። ከ1 ተነስተን እጥፍ እያደረግን እንሂድ፤ 23ን ባለፍን ቁጥር 23 እንጣል። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16። ቀጥሎ 32 ነው፤ 23 ሲወጣለት 9። ከዚያ 18። ከዚያ 36፣ ማለትም 13። ከዚያ 26፣ ማለትም 3። 6፣ 12፣ ከዚያም 24፣ ማለትም 1። ተመለስን! ስንት ጊዜ አጠፍን? አሥራ አንድ ጊዜ። እንግዲህ 2¹¹ ለ23 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ አንዱን ብንቀንስለት፣ 2047፣ ያለ ቀሪ ይካፈላል። እውነትም 23 × 89 = 2047።

ኦይለር ከመወለዱ በፊት ፈረንሳዊው ፒዬር ደ ፌርማ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር። ከ2 በስተቀር የትኛውንም ብቸኛ ቁጥር ወስደን በዚህ መንገድ ብንዞር፣ ከቁጥሩ አንድ ተቀንሶ በሚቀረው ልክ ካጠፍን ሁልጊዜ 1 ላይ እንገኛለን። ለ23 ከ22 እጥፍ በኋላ ማለት ነው። ዙሩ 11 ስለሆነ በ22 እርምጃ ሁለት ጊዜ ዞረናል። ዙሩ ምንጊዜም 22ን አስተካክሎ መክፈል አለበት፤ አለበለዚያ በ22ኛው እርምጃ 1 ላይ አንገኝም። ለ89ም ያው ነው፤ 88 የ11 ብዜት ነው።

ወደ ትልቁ እንመለስ። 2³¹ − 1ን የሚያካፍል አንድ ብቸኛ ቁጥር ተደብቋል እንበል። በዚያ ቁጥር ዙሪያ 31 ጊዜ ስናጥፍ 1 ላይ እንገኛለን። 31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ከዚያ ያነሰ ዙር ሊኖር አይችልም፤ ዙሩ 31 ነው። እንግዲያስ ከተደበቀው ቁጥር አንድ ሲቀነስ ለ31 መካፈል አለበት። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ ደግሞ አንድ ሲቀነስለት ለ2 ይካፈላል። ለ31ም ለ2ም ከተካፈለ ለ62 ይካፈላል። ተደባቂው ሊሆን የሚችለው 63፣ 125፣ 187፣ 249 እያለ በ62 የሚራመድ ብቻ ነው። ከስልሳ ሁለት ቁጥሮች አንዱን ትቶ ስልሳ አንዱን ሳይነኩ ማሰናበት ማለት ነው።

ሁለተኛ ማጥሪያም አለ፤ ማስረጃው ረዘም ስለሚል ዛሬ ውጤቱን ብቻ ልስጣችሁ፦ ተደባቂው ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን አለበት፤ 3 ወይም 5 ከሆነ ይውጣ። ይህ የቀሩትን በግማሽ ይቀንሳቸዋል፤ ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ብቻ ይቆያሉ። እስከ 46340 ብትቆጥሯቸው 373 ናቸው። የመጀመሪያው 63 ደግሞ 7 × 9 ስለሆነ ገና ከበሩ ይመለሳል። ቀረ 372። ከእነዚህም ብዙዎቹ ብቸኛ አይደሉም። በሻማ ብርሃን ረዳት አጠገቡ አስቀምጦ የሚሠራ ሰው ይወጣዋል። አንዳቸውም ቁጥሩን አላካፈሉትም፤ 2147483647 ብቸኛ መሆኑ ታወቀ። ከዚያ በፊት ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁ 6700417 ነበር፤ እሱንም ያገኘው ራሱ ኦይለር ነው፤ ፌርማ ብቸኛ ነው ብሎ የገመተውን 4294967297 ለ641 ያለ ቀሪ መካፈሉን ባሳየ ጊዜ። ፌርማን በፌርማ መሣሪያ ነው የረታው።

የዚህ ዓይነት ቁጥሮች መርሴን ይባላሉ፤ በ1644 ዝርዝራቸውን ባወጣው በፈረንሳዊው መነኩሴ በማረን መርሴን ስም። ዝርዝሩ ከ2 ራስ ላይ የሚጻፉትን ቁጥሮች ይዟል፤ አባ መርሴን 31ን በትክክል አስገብተዋል፤ 67ንና 257ን ግን በስህተት ጨምረዋል፤ 61ን፣ 89ንና 107ን ዘልለዋል። ባወቁት መሣሪያ ይህን ያህል መቅረባቸውም ይገርማል።

ሌላው ጠባዩ ፍጹም ቁጥር መውለዱ ነው። 6 ፍጹም ይባላል፤ ከራሱ የሚያንሱት አካፋዮቹ 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ ራሱን ይሰጣሉና። 28ም እንደዚሁ፤ 1 + 2 + 4 + 7 + 14። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ኢውክሊድ እንዳሳየው 2³¹ − 1 ብቸኛ ከሆነ በ2³⁰ ሲባዛ ፍጹም ቁጥር ይገኛል፤ 2305843008139952128። በ1811 እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ ስለዚህ ቁጥር ሲጽፍ፣ ፍጹም ቁጥሮች ለጉጉት እንጂ ለጥቅም ስለማይሆኑ ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሰው ይኖራል ተብሎ አይታሰብም አለ። እኔ በባርሎ አልስቅበትም፤ በዘመኑ ለነበረ ሰው የሚመስለው ይህ ነው። ግን በ1876 ኤዱዋር ሉካስ 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን አሳየ፤ በጥቅምት 2024 ደግሞ 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 ተገኘ፤ 41024320 አኃዝ አለው። ፈላጊ አልጠፋም።

ጥቅም የለውም ስለተባለውም አንድ ነገር ላሳይ። ኮምፒውተር በስሌት ብቻ እውነተኛ ዕጣ ማውጣት አይችልም፤ የታዘዘውን ብቻ ነው የሚሠራው። ዕጣ የሚመስል ነገር ለመሥራት የኦይለርን ቁጥር ይበደራል። ከ1 ጀምር፤ በ16807 አባዛ፤ ለ2147483647 አካፍለህ ቀሪውን ያዝ፤ ድገም። የሚወጣው 16807፣ ከዚያ 282475249፣ ከዚያ 1622650073፣ ከዚያ 984943658 ነው። ሥርዓት ያለው ይመስላል? አይመስልም። ግን ከ1 እስከ 2147483646 ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ይጎበኛል፤ አንድም ሳይዘል፣ አንድም ሳይደግም፤ ከዚያ ወደ 1 ይመለሳል። በትንሹ በ7 ሞክሩት፤ በ3 እያባዛችሁ ቀሪውን ብትይዙ 1፣ 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5፣ ከዚያም 1 ይወጣል፤ ስድስቱም ተጎበኙ። በ2 ብታባዙ ግን 1፣ 2፣ 4 ብሎ ይመለሳል፤ ግማሹ ይቀራል። እንግዲህ አባዢውን መምረጥ ዕውቀት ይጠይቃል። 16807 ሰባት አምስት ጊዜ ሲባዛ የሚገኝ ነው፤ በ1969 ለአይቢኤም ማሽኖች ተመርጦ ብዙ ዘመን አገልግሏል። ዛሬ ለምስጢር ጥበቃ ማንም አያምነውም፤ ቀጣዩን መገመት ቀላል ነው። ለማስተማሪያ ግን አሁንም ይበቃል።

አንድ ተማሪ ከፊት ሆኖ ሊጠይቀኝ የፈለገውን ፊቱ ላይ አንብቤዋለሁ፦ 3 ብቸኛ ነው፣ 2³ − 1 = 7 ብቸኛ ነው፣ 2⁷ − 1 = 127 ብቸኛ ነው፤ ታዲያ የእኛን ቁጥር ራሱን ከላይ ብናስቀምጠው፣ 2ን 2147483647 ጊዜ አባዝተን አንድ ብንቀንስ፣ ብቸኛ ይሆናል? ቁጥሩ 646456993 አኃዝ አለው፤ መጽሐፍ አይበቃውም። ግን ከላይ ያየነው ማጥሪያ እዚህም ይሠራል። ተደባቂው አንድ ሲቀነስለት ለ4294967294 መካፈል አለበት። እየተራመዱ ቢሄዱ በ68745ኛው እርምጃ ላይ 295257526626031 ይገኛል፤ እሱም ያካፍለዋል። ስድስት መቶ ሚሊዮን አኃዝ ያለውን ቁጥር ባለ አሥራ አምስት አኃዝ አካፋይ ጣለው። ብቸኛ አይደለም። የ64 ቦታው ጣሪያ 2⁶³ − 1ም ብቸኛ አይደለም፤ ለ7 ይካፈላል። 63 የ3 ብዜት መሆኑን ያየ ሰው ሳያካፍል ሊያውቀው ይችላል፤ እንዴት እንደሆነ እናንተ ፈልጉት።

ከመለያየታችን በፊት የቤት ሥራ። 2²³ − 1 = 8388607 ነው። በ46 እየተራመዳችሁ ብትሄዱ የመጀመሪያው 47 ነው፤ 47 ለ8 ሲካፈል 7 ይተርፋል፤ ማጥሪያውን አለፈ፤ ብታካፍሉት 47 × 178481 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህን እኔ ሠራሁላችሁ። የእናንተ 2²⁹ − 1 ነው፤ 536870911። አካፋይ አለው። ሁለቱን ማጥሪያዎች ያልተጠቀመ ተማሪ ሃምሳ ጊዜ ያህል ያካፍላል። በደንብ የተጠቀመ አንድ ጊዜ ብቻ። መልሱን ይዞ የሚመጣ ስንት ጊዜ እንዳካፈለም አብሮ ይጻፍልኝ።